ለሳምንቱ ምግብ ጥቁር ሰሌዳ ቤት ውስጥ ስለመሥራት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብተሻል፣ ልጆቹ ምሳ ዕቃ ይዘው ነው የሚወጡት፣ ማታ ማታ «ነገ ምን ይበላል?» ማለት ሰልችቶሻል። ተራ ጥቁር ቀለም ሰሌዳ ይሆን እንደሆነና ሰሌዳውን እንዴት እንደምትከፋፍይው ጠይቀሻል። እኔ ብዙም ሳልርቅሽ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። የኛ ሰሌዳ ከተሰቀለ ቆይቷል፣ እስካሁንም ይሠራል።

ከቀለሙ ልጀምር። የሚያብረቀርቅ ቀለም በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ጠመኔ የሚጽፈው ሻካራ ነገር ሲያገኝ ነው፣ ልስልሱ ላይ ይንሸራተታል። ሱቅ ስትሄጂ ጥቁር፣ ማት (የማያብረቀርቅ)፣ የውሃ ቀለም በያቸው። ሻካራነቱን የሚሰጥሽ ጀሶ ነው። ሦስት ኩባያ ቀለም፣ አንድ ኩባያ ጀሶ፣ አንድ ኩባያ ውሃ። መጀመሪያ ጀሶውን በውሃው በጥብጪው፣ እብጠት እንዳይኖረው በስስ ጨርቅ አጥልይው፣ ከዚያ ቀለሙ ላይ ጨምሪው። ጀሶ ስለሚጠነክር ለአንድ ዙር የሚበቃሽን ብቻ አዘጋጂ። ጥቁሩ ትንሽ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ አይክፋሽ። ዘይት ቀለም ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሪ፣ ውሃና ዘይት አይዋሃዱም።

ድሮ ትምህርት ቤት ሰሌዳ በባትሪ ድንጋይ ዱቄትና በቅጠል ሲጠቆር ያየ ሰው ያንን ሊመክርሽ ይችላል። ለቤት አይሆንም። ያ ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ የሚባል ለጤና የማይበጅ ማዕድን አለበት፣ እንጀራ ከሚቀመጥበት ክፍል ምን አገባው?

ለጣውላው ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) አትግዢ። ሙሉው 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ይተርፍሻል። ቁም ሳጥን የሚሠሩ ልጆች ጋ ጎራ በይና ቁራጭ ጠይቂ፣ 60 በ90 አድርገው ይቆርጡልሻል። በስሱ ብርጭቆ ወረቀት ፋቂው፣ አቧራውን ጥረጊ። ጠርዙንና ጀርባውንም ቀቢ። ኤምዲኤፍ በጠርዙ ውሃ ይጠጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ፊቱን የመጀመሪያውን ዙር ወደ ጎን፣ ሁለተኛውን ወደ ታች ቀቢው። በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። መጨረሻ ላይ እንደገና በስሱ ፋቅ ፋቅ አድርጊው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ከደረቀ በኋላ ሦስት ቀን ታገሺው። ከዚያ ጠመኔውን አጋድመሽ ሰሌዳውን በሙሉ ነጭ እስኪሆን ቀቢው፣ በደረቅ ጨርቅም ጥረጊው። ይህን ሳታደርጊ ከጻፍሽ የመጀመሪያው ሳምንት «ሽሮ» ሰሌዳው ላይ ታትሞ ይቀራል።

አሰቃቀሉ ላይ፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ ሚስማር ብቻ አይበቃም፣ ይፈራርስብሻል። ድሪል ያለው ጎረቤት ፈልጊና በፊሸር (ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ በሚይዘው ፕላስቲክ) አስመቺው። ከምድጃውና ከምጣዱ ግን አርቂው። የወጥ እንፋሎት ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ጠመኔ እምቢ ይላል። ለዚህ ነው እኛ ኩሽና ውስጥ ሳይሆን ከበሩ ውጭ የሰቀልነው።

ወደ አከፋፈሉ ስንመጣ፣ 90ው ቁመቱ ይሁንና ከላይ 13 ሳንቲ ሜትር ለርዕስ ተዪ፣ የቀረውን ለሰባቱ ቀን 11፣ 11 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። መስመሩን የወረቀት ፕላስተር ለጥፈሽ በነጭ ቀለም አስምሪው፣ በየሳምንቱ ከማስመር ትድኛለሽ። ወደ ጎን ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ምግብ፣ ዋዜማ። ሰው ሁሉ የምግቡን ስም ጽፎ ይጨርሳል። ለኔ ግን ሰሌዳው ዋጋ ያለው በሦስተኛው ዓምድ ነው። ረቡዕ ሽምብራ የሚበላ ከሆነ ማክሰኞ ማታ መዘፍዘፍ አለበት። ሐሙስ ሥጋ ካለ ረቡዕ ማታ ከፍሪዘር መውረድ አለበት። ቅዳሜ እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ ሊጡ ረቡዕ ማታ ይቦካ፣ ክረምት ላይ አንድ ቀን ቀደም ይበል። ረቡዕ ጠዋት «ሽምብራ» የሚለውን ብቻ ብታነቢ ምን ዋጋ አለው? ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ለምሳ ዕቃ አይደርስም።

ባለቤቴ አሁን ከሥራ ሲገባ «ዘፍዝፉ» የሚለውን አንብቦ ሽምብራውን ውሃ ውስጥ ይጨምራል። ማንም ሳይነግረው። ድሮ በአፌ ስነግረው «እሺ» ብሎ ይተኛ ነበር።

ርዕሱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ለውሃ ተጠቀሚበት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣበትን ቀን እዚያ እጽፋለሁ። ጎመን አጥቦ መክተፍ፣ ድስት የሚያበዛ ምግብ፣ ሁሉም ወደዚያ ቀን ይሄዳል።

ትጾሙ እንደሆነ አልነገርሽንም። የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን በሌላ ቀለም ጠመኔ ጻፊ፣ ግን በቋሚ ቀለም እንዳትቀቢው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ ሳምንቱ ሁሉ ጾም ነው። ልጆቹ ካልጾሙ መስመሩን ለሁለት ክፈይው፣ ከላይ የናንተ ምስር፣ ከታች የነሱ እንቁላል።

ከፍታውን ለልጆቹ ብለሽ በጣም ዝቅ አታድርጊው። የኔ ትንሿ የምትደርሰው የመጨረሻው መስመር ላይ፣ እሑድ ላይ ነው። በየሳምንቱ «ፓስታ» ብላ ትጽፋለች፣ ፓ ዞሮ ነው የሚጻፈው። እሑድ እሑድ ፓስታ እንበላለን። ሰኞንም ብትደርስበት ኖሮ አስቢው።

ከኔ በፊት መልስ የሰጠችሽ አንዷ እህት፣ በማርከር የሚጻፍበት ኋይትቦርድ ይሻላል ብላለች። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ እውነቷን ነው፣ የጠመኔ ብናኝ ይረብሻል። ከሌለ ግን እኔ ጠመኔ እመርጣለሁ። ማርከር ክዳኑ ተከፍቶ ያድርና በማግስቱ ደርቆ ታገኚዋለሽ።

ማጥፋቱን በደረቅ ጨርቅ አድርጊው፣ እርጥቡ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሲቆይ ጠመኔው ማንሸራተት ከጀመረ ፋቂውና አንድ ዙር ቀቢው። ለዚያ ብለሽ ከቆርቆሮው የተረፈውን ቀለም በደንብ ከድነሽ አስቀምጪ። ጀሶ የገባበትን ግን አታስቀምጪ፣ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።