ስታቲስቲክስ ተምሬ የዝንጀሮ መንጋ ላጥና ብል ቤተሰብ ባንክ ግቢ አለኝ

ደብዳቤው ከኮምቦልቻ ነው። ጸሐፊዋ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ትማራለች፣ የእንስሳት መንጋ ማን እየመራው አብሮ እንደሚሄድ ማጥናት ትፈልጋለች። ያስተማራት ጂዳ ያለው አጎቷ ግን "ዝንጀሮ ልታዪ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?" ብሏታል፣ ቤቱም ባንክ ግቢ እያለ ነው። እንግሊዝኛዋም ያሰጋታል፣ ይሄ ጥናት እኛ ሀገር ምን ያደርጋል ብላም ጠይቃለች።

እህቴ፣ በአጎትሽ ነገር ልጀምር። ያስተማረሽ ሰው ነው፣ አላህ ይስጠው፣ ውለታውም ይመለስ። ግን ውለታ በብር ይመለሳል፣ ዕድሜ ልክሽን የማትፈልጊውን ስራ በመስራት አይመለስም። እኔ ጋ የሚመጡትን እኮ አያለሁ፣ "ለጊዜው" ብለው ካውንተር ላይ የተቀመጡ የስታቲስቲክስ ምሩቃን፣ ከተመረቁ ወዲህ አንድ ዳታ ከፍተው አያውቁም፣ ከዛ የሰራተኛ ብድር ይወሰዳል፣ ትዳር ይመጣል፣ መውጣት የለም። ስለዚህ አጎትሽን ስለ ዝንጀሮ አትከራከሪው። ስትደውዪለት "ስራ ስይዝ በየወሩ ለናቴ ይሄን ያህል እሰጣለሁ" በይውና ቁርጥ ያለ ቁጥር ንገሪው፣ የምትችዪውን ብቻ። ቁጥሩን አንዴ ከተስማማችሁ የት መስሪያ ቤት ትግቢ የሚለው ያንቺ ነው። ቤተሰብሽ በዋናነት የሚፈሩት ተመርቀሽ ስራ ፈት ሆነሽ ቤት እንዳትቀመጪ ነው፣ እሱን ፍርሃት መልሺላቸው። ካልተስማማም ውሳኔው ያው ያንቺ ነው፣ ብር መላክ የሰው ህይወት አይገዛም፣ ይሄን በግልጽ ነው የምልሽ።

ደግሞ "ዝንጀሮ ማየት" የሚሉት ስራ ምን እንደሆነ አጎትሽ አላየውም። ኬንያ ምፓላ የሚባል የምርምር ጣቢያ ላይ ተመራማሪዎች 25 ገደማ ዝንጀሮዎች አንገት ላይ ጂፒኤስ አሰሩ፣ እያንዳንዱ የት እንዳለ በየሰከንዱ ይመዘገባል፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ጉልበተኛው ወንድ ስለሄደ ብቻ መንጋው አይከተለውም። ሁለት ቡድን በተራራቀ አቅጣጫ ሲነሳ ብዙ ወደ ተነሱበት ይሄዳሉ፣ አቅጣጫው ሲቀራረብ ደግሞ መሀል ለመሀል ይቆርጣሉ። ይሄ እንዴት ታወቀ? ሚሊዮኖች መስመር ዳታ ላይ ተቀምጦ በመስራት ነው፣ ያ ማለት ያንቺ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እነ ኢያን ኩዚን የሚባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በኮምፒውተር ሞዴል አሳዩ፣ መንገዱን የሚያውቁት ጥቂት ቢሆኑም፣ እነማን እንደሆኑ ማንም ባያውቅም መንጋውን መምራት ይችላሉ፣ መንጋው ሲበዛ የሚያስፈልገው የአዋቂ ድርሻ እንዲያውም ያንሳል።

እኛ ሀገር ምን ያደርጋል ላልሽው፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አንበጣው ቃሉና ባቲ ሲወርድ እኔ የሂሳብ መምህርነቱን ትቼ ግብርና ላይ ዳታ እሰበስብ ነበር። ማሽላው ላይ ሲያርፍ አገዳው ይጎብጣል፣ ገበሬው ቆርቆሮ ይመታል፣ እኛ ስልክ ይዘን ቦታውን እንመዘግባለን። ለመድኃኒት ረጪው ቡድን ግን ዛሬ ያለበት ብቻ አይበቃውም፣ ነገ የት ያርፋል የሚለውን ይፈልጋል፣ እሱን ከዳታ አውጥቶ የሚነግረን ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ኩብኩባው (ገና ክንፍ ያላወጣው አንበጣ) ላይ እኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት አለ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን በየፊናው ይዞራል፣ ጥቅጥቅ ሲል ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይተማል። በኋላ ደግሞ አንዱ ምክንያት ከኋላ ያለው እንዳይነክሰው መሸሽ እንደሆነ ታየ። ይሄ ለወሎ ገበሬ የዳቦ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ ግብርና ወይም ካርታና ዳታ ያለበት ስራ እገባለሁ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሰርቼ ማስተርስ። ጀርመን ኮንስታንዝ ለዚህ ትምህርት ትልቅ ቦታ ነው፣ ግን ስኮላርሺፕ ሳትይዢ አትነሺ፣ እዛ ክፍለ ሀገር ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የመጣ የማስተርስ ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ይከፍላል፣ ለቪዛ ደግሞ ለዓመት ኑሮ ወደ 12,000 ዩሮ በባንክ አሳይ ይሉሻል። አጎትሽን ይሄን እንዳትጠይቂው።

እንግሊዝኛው በየቀኑ አንድ ገጽ ጥናት በማንበብ ይስተካከላል።

አሁን የመመረቂያ ጽሁፍሽ ላይ እንምጣ። የምፓላ ዝንጀሮዎች ዳታ ሙቭባንክ የሚባል የእንስሳት እንቅስቃሴ ዳታ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ፣ ማንም ያወርደዋል፣ አር የሚባለው ሶፍትዌርም ነጻ ነው፣ ክላስ ላይ ነክታችሁት ይሆናል። የአንድ ቀን ብቻ ውሰጂና ማን ቀድሞ ተነሳ፣ ማን ተከተለ የሚለውን አውጪ። ቦረና ሳይንት ፓርክ ያሉትን ጭላዳዎች ለማስተርስ አቆዪያቸው፣ ለዲግሪ መስክ መውጣት አያስፈልግም። ፕሮፖዛሉን ለአድቫይዘርሽ ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።