ኮምቦልቻ ላይ ላብራቶሪ ልትከፍቱ ላሰባችሁት

ሰላም ወንድሜ። ከሁለት የክፍል ጓደኞችህ ጋር ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የሕክምና ላብራቶሪ ልትከፍቱ እንደሆነ ጽፈሃል። «ያዋጣል ወይ? ክሊኒኮች ታካሚ ለመላክ ኮሚሽን ይጠይቃሉ የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ደሴ ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በ2010 ከፍቼ እስካሁን እየሠራሁ ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

ኮሚሽኑ እውነት ነው። ሁሉም ይጠይቃል አልልህም። ግን በከፈትን በሁለተኛው ሳምንት አንድ የክሊኒክ ሰው መጣ፤ ሻይ ጋበዘን። ለሚልክልን ታካሚ ከምርመራው ክፍያ 30 በመቶ እንድንሰጠው ጠየቀ። ኪራይ ደርሶብናል። የሚመጣው ታካሚ በቀን አራት አምስት ነው። እሺ አልን። በሥራዬ እንደዚያ እሺታ የምጸጸትበት ነገር የለም።

ለምን መሰለህ? ያ ብር ከየት ይመጣል? ከኪራይ አይቀነስም፣ ከደሞዝ አይቀነስም። የሚቀነሰው ታካሚው ከማያየው ነው። በየቀኑ ይሠራ የነበረው ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ በሚታወቅ ናሙና ምርመራው ልክ መሆኑን መፈተሽ፣ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል። ቀኑ ሊያልፍ የደረሰ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) በርካሽ ይገዛል፤ ቀኑ ሲያልፍም «ትንሽ ቢያልፈው ምን ይሆናል» ይባላል። ላኪው ደግሞ ድርሻው እንዲጨምር ማዘዣውን ይሞላዋል። ራሱን ያመመው ሰው ዊዳል (የታይፎይድ ምርመራ)፣ ዌል ፌሊክስ (የታይፈስ)፣ ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ)፣ ሽንት፣ ሰገራ ታዞለት ይመጣል።

ዊዳልን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልበል። እኛ ጋ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ካርዱ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደም የተለየው ፈሳሽ) ከአንድ ጠብታ አንቲጂን (ከታይፎይድ ባክቴሪያ የተዘጋጀ ፈሳሽ) ጋር ትቀላቅላለህ። ከተጓጎለ ፖዘቲቭ ነው። አንድ ደቂቃ እያወዛወዝክ ታነባለህ። ከቆየ ጠርዙ መድረቅ ይጀምርና የተጓጎለ ይመስላል። ወረፋ በበዛበት ጠዋት አሥር ካርድ ደርድሮ ስልክ የሚያወራ ባለሙያ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ በትክክል ቢነበብም እንኳ፣ በሽታው በተለመደበት አካባቢ ብዙ ሰው ደሙ ውስጥ ከድሮ ሕመም የቀረ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሠራው ነገር) አለው። አንዴ ብቻ በተሠራ ዊዳል «አሁን ታይፎይድ ይዞሃል» ማለት አይቻልም። ላኪው ግን መድኃኒት የሚጽፍበት «ፖዘቲቭ» ይፈልጋል። ኔጌቲቭ ስንልክ «እናንተ ጋ ምንም አይገኝም» ተብለናል።

የእኛ ጥፋት የወጣው በስኳር ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክሊኒክ ጠዋት ደም እየቀዳ በሚኒባስ ይልክልን ነበር። ቱቦዎቹ በፌስታል ታስረው ጋቢና ይቀመጣሉ። መኪናው እስኪሞላ ይቆማል፤ ከዚያ ሐረጎን ይወጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተቀዳ ደም እኛ እጅ የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሴረሙ ካልተለየ ሕዋሶቹ ስኳሩን መጠቀማቸውን አያቆሙም፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። ይህን ተምረነዋል። እያወቅን ጽፈን ሰጠን።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር እኛው ጋ መጡ። እናትየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ልጁ ከቦርሳው ሦስት የእኛን የስኳር ውጤት ወረቀቶች አወጣ፤ በሚሊግራም በዴሲሊትር 118፣ 121፣ 115። ሐኪማቸው በእነዚህ ቁጥሮች መድኃኒታቸውን ቀንሶላቸዋል። እሳቸው ግን ውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ምንም ሳይበሉ እዚያው ቀድተን ወዲያው ሠራነው። 158። ልጁ «ታዲያ የቱ ነው ልክ?» አለኝ። ወረቀቶቹን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ነገርኩት። ተቆጣ፤ መቆጣት ነበረበት።

በማግስቱ ለክሊኒኩ ግራጫ ክዳን ያለውን፣ ስኳሩ እንዳይወርድ የሚያግዝ ኬሚካል ያለበትን ቱቦ ካልተጠቀማችሁ የስኳር ናሙና አንቀበልም አልናቸው። ኮሚሽኑንም ያኔ አቆምን። ገቢያችን በግማሽ ወረደ፤ ስምንት ወር ተቸገርን። ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ከተማዋን ለቀን ወጣን። በኅዳር መጨረሻ ነጻ ስትወጣ ስንመለስ የሲቢሲ (የደም ሕዋስ መቁጠሪያ) ማሽናችንም ሴንትሪፉጃችንም (ደሙን አሽከርክሮ ሴረሙን የሚለየው) የሉም። ፍሪጁ ውስጥ የቀረው ሪኤጀንት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ነበረበት፤ ቅዝቃዜው መጠበቁን ማመን ስላልቻልን ሁሉንም ጣልነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ሪኤጀንት ሻጮች ጠዋት የነገሩንን ዋጋ ከሰዓት ይቀይሩብን ነበር።

እንደገና ያቆመን ያለ ማዘዣ በእግሩ የሚመጣው ሰው ነው። ያ ልጅ እናቱን ዛሬም እኛ ጋ ያመጣቸዋል። ጎረቤቶቹንም ልኮልናል። ስለዚህ ያዋጣል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። የአንድ ዓመት ኪራይ በእጃችሁ ሳይኖር አትጀምሩ፤ ኪራይ ሲያስጨንቅ ነው ያ ሻይ የሚጣፍጠው።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር። ግድግዳ ላይ ፈቃዱ ተሰቅሎ ባለቤቱ ሌላ ከተማ የሚኖርበት ቤት አለ። ፈቃዱን ያከራየው ሰው የማያያቸው ውጤቶች በስሙ ይወጣሉ። እናንተ ሦስት ናችሁ፤ ፈረቃ አውጡና ሁሌ አንዳችሁ ቤቱ ውስጥ ሁኑ። ደሴ ያለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ሄዳችሁም ስለ ውጪ ጥራት ቁጥጥር (ሌላ ተቋም ናሙና ልኮ ውጤታችሁን የሚያመሳክርበት) ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሪኤጀንቱን አጣሩ። የራሱን ካልሆነ የማይቀበል ማሽን አለ፤ አስመጪው ሲያልቅበት ዕቃው ጥግ ይዞ ይቆማል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ወባ ይበዛባችኋል፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አትቆጥቡ። ቤቱንም ከመፈራረማችሁ በፊት ሠፈሩ ውስጥ ያለውን ወፍጮ ቤት ሂዱና መብራት በሳምንት ስንት ቀን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቁት። ባለወፍጮው በደንብ ያውቀዋል።