ኢሲጂው «ደህና ነው» ካለ ልቤ ለምን ይረብሸኛል?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አንዳንድ ጊዜ ተቀምጬ ሳለሁ ልቤ በድንገት በኃይል ይመታና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በድንገት ይቆማል። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነስቼ «ምንም የለብሽም» ተብያለሁ። እህቴ የቡና ነገር ነው ትላለች። ልስጋ?

መልስ፦ ኢሲጂ የሚመዘግበው የጥቂት ሴኮንዶችን የልብ ምት ነው። ልብዎ በዚያ ሰዓት ሰላም ከነበረ ውጤቱም ሰላም ይሆናል፤ ሲነሳብዎ ስላለው ምት ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ጣትዎን በአውራ ጣትዎ በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ያረፈ አዋቂ ሰው ምት በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ነው። እኔን ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የምቱ ስልት፣ ማለትም እኩል መሆን አለመሆኑ ነው።

በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚቆም፣ ብዙ ጊዜ ከ150 የሚበልጥ ግን እኩል የሆነ ምት፣ በልብ ውስጥ የኤሌክትሪክ መልእክት በአቋራጭ መንገድ ሲዞር የሚመጣ ነው። የእርስዎ አገላለጽ ወደዚህ ያደላል። ያስደነግጣል እንጂ ለሕይወት የሚያሰጋው አልፎ አልፎ ነው፤ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ አንዳንዴ ያስቆመዋል። አንድ ምት ዘሎ «ድው» የሚለው ስሜት ደግሞ በጤነኛ ሰውም ላይ ይታያል። ቡናን ለመክሰስ አልቸኩልም፤ ለሁለት ሳምንት ትተውት ለውጡን ይዩ። ጫት ከሆነ ግን ይተውት።

የምፈራው ምንም ሥርዓት የሌለውን ምት ነው። የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ ስለማይጨመቅ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በአገራችን በወጣቶች ላይ ሲታይ፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት ከጀርባው መኖሩ የተለመደ ነው። ከዚያ የጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያም ሊያብጥ ስለሚችል፣ በልጅነትዎ መገጣጠሚያዎ አብጦ ያውቅ ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልግዎታል።

በጣም የዘገየ ምት ከማዞር ጋር ከመጣም ምርመራ ይሻል። ለእርስዎ ግን የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ እንዲሁም 24 ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ እመክራለሁ።

ልብዎ ሲመታ ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ቆጠራውን ትተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ ምቱ ሳይቆም ኢሲጂ ከተነሱ ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ጽሑፉ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።