መለኪያው ዝም ሲል፦ ከጨረር ጋር ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በሚሠራባቸው ላቦራቶሪዎች ውስጥ የጨረር ደኅንነት ኃላፊ ሆኜ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል አሳልፌያለሁ። አዲስ ገቢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «መለኪያው ሲጮህ ምን እናድርግ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው፦ ራቅ በሉ፣ አጠገባችሁ ያሉትን አስጠንቅቁ፣ ኃላፊውን ጥሩ፣ ጫማችሁ ሳይመረመር ከክፍሉ አትውጡ። መለኪያው ዝም ሲል ምን ማድረግ እንደሚገባ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ዝምታ ነው።

በሥራው ገና ሁለተኛ ዓመቴን እንደያዝኩ፣ አንድ ቀን ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ የሆነ ሃይድሮጂን) ያለበትን ውህድ በትናንሽ ብልቃጦች ስከፋፍል ዋልኩ። ሲመሽ ጋይገር ቆጣሪውን፣ ማለትም ጨረር ሲነካው ጠቅ የሚለውን የእጅ መለኪያ፣ አንስቼ ጠረጴዛውን፣ የፒፔቱን (የፈሳሽ መምጠጫውን) እጀታ፣ መዳፌንና የጫማዬን ሶል አንድ በአንድ አዳረስኩ። መሣሪያው እንደ ወትሮው አልፎ አልፎ ጠቅ ከማለት በቀር ድምፅ አላሰማም። እኔም መዝገቡ ላይ «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከስድስት ቀን በኋላ የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን የተለመደ የጥረጋ ምርመራዋን አደረገች፤ ማለትም እርጥብ ክብ ወረቀት በየዕቃው ላይ እያሸች፣ እያንዳንዱን ወረቀት ጨረር ሲያርፍበት ብልጭ የሚል ሲንቲሌሽን ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ እየጨመረች ወደ መቁጠሪያው ማሽን አስገባች። የውጤቱ ወረቀት ሲወጣ ጠረጴዛው ደኅና ነበር። የማቀዝቀዣው እጀታ፣ የስልኩ መነጋገሪያና የመዝገቡ ሽፋን ግን በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ምት አሳዩ። ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር ያወጣው «ንጹሕ» ብዬ የጻፍኩበት እስክሪብቶ ነበር። ሴትዮዋ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። እስክሪብቶውን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ከፊቴ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለጥቂት ቀናት ሽንቴን በጠርሙስ እያመጣሁ አስመረመርኩ፤ የተገኘው መጠን ለጤና የሚያሰጋ አልነበረም፣ ኀፍረቱ ግን አልቀለለልኝም።

ምክንያቱን ያኔ በመጽሐፍ አውቀው ነበር፣ በእጄ ግን አላውቀውም ነበር። ከትሪቲየም የሚወጣው የቤታ ጨረር፣ ማለትም ከአቶሙ የሚፈናጠረው ኤሌክትሮን፣ ጉልበቱ ቢበዛ 18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በአየር ውስጥ የሚሄደው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የጋይገር ቆጣሪውን ስስ መስኮት አልፎ መግባት አይችልም። የሞተውን የላይኛውን ቆዳ እንኳ አያልፍም፤ አደጋው ሁሉ በአፍ፣ በሳንባ ወይም በቆዳ ሰርጎ ወደ ሰውነት ሲገባ ነው። ስለዚህ መሣሪያው አልዋሸኝም፤ የማይችለውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቆጣሪ በእጃችሁ በያዛችሁ ቁጥር መጀመሪያ ልትጠይቁት የሚገባው «ምን ትሰማለህ?» ብላችሁ ሳይሆን «ምን አትሰማም?» ብላችሁ ነው።

መልሱ እንደ ንጥረ ነገሩ ይለያያል። ፎስፈረስ-32 ጉልበቱ እስከ 1.71 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ቤታ ስለሚረጭ ጋይገር ቆጣሪ ከሩቅ ይሰማዋል፤ እዚህ ላይ መሣሪያውን ልታምኑት ትችላላችሁ። ነገር ግን መከለያውን ከእርሳስ ብታደርጉት ኤሌክትሮኖቹ ከባዱ ብረት ውስጥ በድንገት ሲገቱ ኤክስሬይ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀድማል፣ እርሳስ ካስፈለገም ከፕላስቲኩ በስተውጭ ይሆናል። አዮዲን-125 ደግሞ ደካማ የጋማና የኤክስ ጨረር ስለሚያወጣ ጋይገር ቆጣሪ ከሚያገኘው የሚያመልጠው ይበዛል፤ ለእሱ ስስ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ያለው መለኪያ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ አዮዲን በቀላሉ ተንኖ በአየር ይገባና አንገት ላይ ባለችው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል፤ ከእሱ ጋር የሚሠራ ሰው አንገቱን በየጊዜው የሚያስለካውም ስለዚህ ነው። የአልፋ ጨረር ነገር ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ጠብታ ውሃ ወይም የጓንት ጣት ይከልለዋል። በመሆኑም እርጥብ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ አልፋ አመንጪ፣ ጥሩ መለኪያ ተይዞበት እንኳ ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል። በ1920ዎቹ ዓመታት (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ የሰዓት ፊት በራዲየም ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ የዋጡት እንዲህ ያለውን ነበር፤ መንጋጋቸው እየበሰበሰ መሞት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የታወቀው።

መለኪያውን ከማንሳታችሁ በፊት ባትሪውን፣ የመጨረሻው የማስተካከያ ምርመራ የተደረገበትን ቀንና የገመዱን ሁኔታ እዩ። ከዚያ መኖሩ የታወቀ ትንሽ የመፈተሻ የጨረር ምንጭ አስጠጉበት፤ ለዚያ ያልጮኸ መሣሪያ ለሌላ እንዲጮህ አትጠብቁ። የአካባቢውን የተለመደ ንባብ ከሥራ ቦታው ራቅ ብላችሁ መዝግቡ። ስትለኩም የመለኪያውን መስኮት ከዕቃው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግታችሁ በዝግታ አንቀሳቅሱት። ብዙ ወጣቶች አቧራ የሚጠርጉ ይመስል ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ሲያልፉበት አያለሁ፤ እንዲህ የለካ ሰው ከነጭራሹ ባይለካ ይሻላል፣ ቢያንስ እንዳልለካ ያውቃል።

የመሣሪያ ዝምታ በዝቅተኛው በኩል ብቻ አይደለም። በ1986 በቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሌሊት በእጅ የተገኙት መለኪያዎች ከ3.6 ሮንትገን (የጨረር መጠን መለኪያ አሃድ) በሰዓት በላይ ማሳየት የማይችሉ ነበሩ፤ እናም «3.6 ነው» የሚል ወሬ ወደ አለቆች ተላለፈ። ቁጥሩ ልኬት ሳይሆን የመሣሪያው ጣሪያ ነበር፤ በፈረሰው ሕንፃ ውስጥ እውነተኛው መጠን በአንዳንድ ቦታ በሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አንዳንድ ጋይገር ቆጣሪዎችማ በጣም ከፍ ባለ ጨረር ውስጥ ሲገቡ ይታፈኑና ንባባቸው ወደ ዜሮ ይመለሳል።

በዓመቱ በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የሆነውን እያሰብኩ ዛሬም እገረማለሁ። መስከረም 1987 በተተወ የሕክምና ሕንፃ ውስጥ የነበረ የሲዚየም-137 ምንጭ በቁራጭ ብረት ፈላጊዎች እጅ ገባ፤ ከተሰበረ በኋላም በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራው ዱቄት ከቤት ወደ ቤት ተዳረሰ። ነገሩን እንዲያጣራ የተጠራው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ለማዕድን ፍለጋ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ መንገድ ላይ ቢከፍተው፣ ጠቋሚው ወደየትም ቢያዞረው መጨረሻው ላይ ተለጠፈ። ባለሙያው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊቀይር ተመለሰ፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነበት። የተበላሸ ነገር አልነበረም። አራት ሰዎች ሞቱ፣ ከ112 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ፣ በ249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ባለሙያውን አልወቅሰውም፤ ሁለተኛ መሣሪያ ፍለጋ መመለሱ ራሱ የሙያ ጨዋነት ነው። ሁለት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነገር ሲነግራችሁ ግን መጠራጠር ያለባችሁ ዓለሙን እንጂ መሣሪያውን አይደለም።

በደረታችሁ ላይ የምትሰኩት ዶዚሜትርም (የተቀበላችሁትን የጨረር መጠን የሚመዘግበው) ከዝምተኞቹ አንዱ ነው። ጨረር አይከለክልም፣ አያስጠነቅቅም፤ የሆነውን ይመዘግብና በወሩ ወይም በሦስት ወሩ ሲነበብ ብቻ ይናገራል። ቁጥሩ ከፍ እንዳይል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ትቶት የሚገባ ሐኪም አይቻለሁ። ዶዚሜትሩ የተሰካበትን ጋውን ከምንጭ ማስቀመጫው ጎን ሰቅሎ ዕረፍት የወጣ ተመራማሪም አይቻለሁ፤ የኋለኛው ሲመለስ የጠበቀው የምርመራ ደብዳቤ ነበር። ለሠራተኛ የሚመከረው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ)፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ያልበለጠ ነው፤ ለሕዝብ ደግሞ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት። የዓይን ሌንስ ገደብ ለብዙ ዘመን 150 ሆኖ ቆይቶ፣ የሞራ ግርዶሽ ከታሰበው ባነሰ መጠን እንደሚመጣ ሲታወቅ በ2011 ወደ 20 እንዲወርድ ተመክሯል። ዛሬ የምትሸመድዱት ቁጥር ነገ ሊቀንስ ይችላልና ገደቡን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መቀነስ የሚቻለውን ገደቡ ላይ ከመድረሱ በፊት መቀነስ ነው። ጊዜ፣ ርቀትና መከለያ የሚባሉትን ሦስቱን ሁላችሁም ስለምታውቋቸው አልደግማቸውም። አንዱን ብቻ ላንሳ፦ ብልቃጥን በጣት በአንድ ሳንቲ ሜትር ርቀት ከመያዝ በ30 ሳንቲ ሜትር መቆንጠጫ መያዝ፣ ምንጩ ትንሽ ከሆነ፣ እጃችሁ የሚያገኘውን ወደ 900ኛ ክፍል ገደማ ያወርደዋል። ይህን ያህል የሚያተርፍ መከለያ በቀላሉ አታገኙም።

ከላቦራቶሪ ውጭም ነገሩ ያው ነው። አንድ ሰው በዓለም አማካይ ከተፈጥሮ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል፤ በራሱ ሰውነት ውስጥ ባለው ፖታስየም-40 ብቻ በየሰከንዱ አራት ሺህ ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። ይህን ሳያውቁ መለኪያ ገዝተው ቤተሰባቸውን በግራናይት ጠረጴዛና በሙዝ ልጣጭ የሚያሸብሩ ሰዎች አሉ፤ እነዚሁ ሰዎች ምድር ቤታቸው ውስጥ ስላለው ራዶን ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ራዶን ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ከምንቀበለው ጨረር ግማሽ ያህሉ የእሱ ነው፤ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር ዋና መንስኤም ነው። በ1984 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ሥራ ለመጀመር በሚሰናዳ የኑክሌር ማመንጫ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ በመፈተሻው በር ባለፈ ቁጥር ደወሉ ይጮህበት ነበር። ጠዋት ገና ሲገባም ጮኸበት። ብክለቱን ከማመንጫው ወደ ቤቱ ሳይሆን ከቤቱ ወደ ማመንጫው ይዞት ነበር የሚመጣው፤ በመኖሪያ ቤቱ አየር ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ 100 ሺህ ቤኬሬል (በሰከንድ የሚፈርሱ አቶሞች ቁጥር) ያህል ራዶን ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ማጣቀሻ 100 ቤኬሬል ነው። ጋይገር ቆጣሪ ክፍል መሐል ይዞ መቆም ስለ ራዶን እምብዛም አይነግራችሁም፤ ለወራት ተቀምጦ የአልፋን ጠባሳ የሚሰበስብ ትንሽ የፕላስቲክ መመዝገቢያ ግን ይነግራችኋል።

መለኪያ የሌለው ሰውም ምልክት ማንበብ እንዲችል አስተምሩ። በታኅሣሥ 2001 በጆርጂያ አገር፣ ሊያ መንደር አቅራቢያ እንጨት የሚለቅሙ ሦስት ሰዎች በዙሪያቸው በረዶ የቀለጠባቸው ሁለት ትንንሽ ብረቶች አገኙና ሌሊቱን ሲሞቋቸው አደሩ። ብረቶቹ በውስጣቸው ራዲዮአክቲቭ የሆነ ስትሮንቲየም-90 ነበረባቸው። በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳቸው ጀመር፤ አንደኛው ከሁለት ዓመት በላይ ከታከመ በኋላ ሞተ። እሳት ሳይነካው የሚሞቅ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ወይም ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት ብረት ከተገኘ አይነካም፣ አይፈታም፣ ርቆ ሰው መጥራት ነው።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል በበኩሌ ከመዝገቤ ካወጣሁት ቆይቷል። የምጽፈው የትኛው መሣሪያ እንደ ሆነ፣ መለያ ቁጥሩን፣ የአካባቢውን ንባብ፣ በዕቃው ላይ ያገኘሁትን ንባብና መሣሪያው ለዚያ ንጥረ ነገር ያለውን ብቃት በመቶኛ ነው። ብቃቱ ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ፤ ያ ዜሮ ሲጻፍ የጥረጋ ምርመራ እንዲደረግ ራሱ ያስገድዳል። ወረቀቱ ረጅም ሆነ ብለው የሚያጉረመርሙ ባልደረቦች አሉኝ። ይሁን።

ያ እስክሪብቶ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፤ በራዲዮአክቲቭ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ በተዘጋ ብልቃጥ ተቀምጧል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) 12.3 ዓመት በመሆኑ እንደ ቀድሞው ባይሆንም፣ ማሽኑ እስከ አሁን ይቆጥረዋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ጓንት አስለብሼ እስክሪብቶውን ከብልቃጡ አወጣለታለሁ፣ ጋይገር ቆጣሪውን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያም መዝገቡን ገልጬ ያገኘውን እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ።