መልስ፦ ለወንድሜ ለምን የራሱ ስቴም ሴል? የእኔ አይሻልም ወይ?

ስቴም ሴል መቅኒ ውስጥ ሆኖ የደም ሴሎችን የሚያመርት ሴል ነው። ካንሰሩን የሚገድለው ግን እሱ ሳይሆን ሴሉ ከመመለሱ በፊት የሚሰጠው ከባድ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ነው። ለዚህ ነው ያንቺን ያልጠየቁሽ። ሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ሲመለስ የተለመደው መንገድ ይኸው ነው።

1. ሊምፎማው በሌላ ኬሞ እንዲቀንስ ይደረጋል።
2. በመርፌ ስቴም ሴሉ ከመቅኒው ወደ ደም ይወጣል፤ በማሽን ተለቅሞ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል።
3. ከባዱ ኬሞ መቅኒውንም ስለሚያጠፋው የተቀመጠው ሴል ልክ እንደ ደም በደም ሥር ይመለስለታል። ቀዶ ሕክምና የለውም። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ቢሸት አትደንግጪ፣ ሴሉ የተቀመጠበት መድኃኒት ነው።

በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሉ እስኪያንሰራራ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ትኩሳትን አትናቁ። እኔ ይህንኑ ሕክምና ወስጄ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሌሊት ሲያተኩሰኝ ፓራሲታሞል ውጬ ንጋትን ጠበቅኩ፤ ጠዋት ራሴን ስቼ ነው የወሰዱኝ። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪ ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው።