ወረቀቶችህን በመጀመሪያ አስታርቃቸው

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜህ ሠላሳ አንድ፣ ባለትዳር፣ ሲቪል መሐንዲስ ነህ፤ በሙያህ ቪዛ አግኝተህ አውስትራሊያ መኖር ትፈልጋለህ። በሁለት የመንገድ ተቋራጮች ዘንድ በድምሩ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ሠርተሃል። በአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ሦስቱን ክፍሎች ከ7 በላይ አምጥተህ በመጻፉ ግን 6.5 ላይ ቀርተሃል። አንድ ደላላ «የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛትን ድጋፍ አስወጣልሃለሁ፣ አንተ ገንዘቡን ብቻ አዘጋጅ» ብሎሃል። ከምን እንደምትጀምርና ሥራህን መልቀቅ እንዳለብህ ጠይቀሃል።

ደላላውን በአንድ አንቀጽ እንሸኘው። የክፍለ ግዛት ድጋፍ፣ ማለትም አንድ ክፍለ ግዛት ለቪዛ ሲያጭህ፣ «የሚወጣ» ነገር አይደለም። ማንኛውም ሰው ራሱ ሊያመለክት ይችላል፤ የፍላጎት መግለጫ፣ ማለትም መምጣት እፈልጋለሁ የሚለውን የመጀመሪያ ቅጽ፣ ማስገባት ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። አማካሪ ካስፈለገህ በአውስትራሊያ የስደት ወኪሎች መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን አረጋግጥ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው። ውጤቱን አስቀድሞ የሚያረጋግጥልህን ሰው ቡናህን ጠጥተህ ተሰናበተው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አውስትራሊያ ባለሙያን የምትመርጠው በነጥብ ነው። ዕድሜህ 30 ነጥብ፣ ዲግሪህ 15፣ የሥራ ልምድህ ከአምስት ዓመት ስለሚበልጥ 10 ያስገኝልሃል፤ ድምሩ 55። እንግሊዝኛህ በአራቱም ክፍሎች ከ6 በላይ ስለሆነ ለማመልከት ያበቃሃል እንጂ ነጥብ አይጨምርልህም። ክፍለ ግዛት በቋሚው የ190 ቪዛ ቢደግፍህ 5 ትጨምርና 60 ላይ ትቆማለህ፤ ዝቅተኛው ግን 65 ነው። በ491 ጊዜያዊ ቪዛ ቢደግፍህ 15 ስለሚጨመርልህ 70 ትደርሳለህ። መጻፉን ወደ 7 ብታሳድገው ሌላ 10 ነጥብ ይመጣል። ባለቤትህ ተፈትና በየክፍሉ 6 ብታመጣ 5 ትጨምርልሃለች። እርሷም የራሷ ሙያ በምዘና የጸደቀላትና በተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር ላይ ያለ ከሆነ ነጥቧ 10 ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮ ገንዘብህን ከደላላው ይልቅ ለሁለታችሁ የፈተና ክፍያ አውለው። 65 መግቢያ በር ብቻ ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹ ከተሰለፉት መካከል ይመርጣሉና 70 ይዞ መቀመጥ አያስተማምንም። ደግሞም ዕድሜ የሚታየው ግብዣው በደረሰህ ቀን ነው። 33 ስትደፍን 30ው ወደ 25 ይወርዳል፤ ጊዜ አለህ፣ ግን ብዙ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልነግርህ የምፈልገው ግን ስለ ነጥብ አይደለም። የኢትዮጵያውያንን ፋይል ሳገላብጥ የማየው ትልቁ ችግር የችሎታ ማነስ ሳይሆን የወረቀቶች አለመስማማት ነው።

ከስምህ ጀምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ዲግሪህ ላይ ስምህና የአባትህ ስም ብቻ፣ ፓስፖርትህ ላይ የአያትህም ጭምር፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ በደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ በአዴላይድ ተቀምጦ ፋይሉን ለሚያነብ ግን ሦስት ሰው ነው። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና ፓስፖርቱን ዳኛ አድርገህ አወዳድር። የማይስማማውን ያወጣው መሥሪያ ቤት እንዲያስተካክል ጠይቅ፤ ካልተቻለም ልዩነቱን የሚያስረዳ ሕጋዊ ማረጋገጫ አያይዝ።

ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠሩ። የመጀመሪያው ተቋራጭ ደብዳቤህ «ከመስከረም 2010 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም.» ይላል። በላክህልኝ ትርጉም ላይ ግን ጅማሬው 2018 እ.ኤ.አ. ተብሏል። ተርጓሚው ስምንት ደምሮ አለፈ። መስከረም 2010 ማለት ሴፕቴምበር 2017 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው። በዚህች ስሕተት አንድ ዓመት ጠፋብህ፤ አምስት ዓመት ከስምንት ወሩ አራት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ፤ 10 ነጥቡም 5። በአንድ አኃዝ!

ደብዳቤው ራሱም አይበቃም። የእኛ አገር የሥራ ልምድ ማስረጃ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ «ተገቢውን የሥራ ግብር መክፈላቸውን» ገልጾ መልካም ምኞት ተመኝቶ ያበቃል። ሙያህን የሚመዝነው አካል የሚፈልገው ግን ምን እንደሠራህ ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ የትኛውን የአፈር ሥራ፣ የትኛውን የክፍያ ሰነድ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ማን ሥር ሆነህ። ደብዳቤውን ራስህ አርቅቀህ ለኃላፊው ብትወስድለት ነውር የለውም፤ እውነት እስከሆነ ድረስ ይፈርማል። ከሌላ ወገን የሚመጣ ማስረጃም ይጠየቃል። እዚህ ላይ የጡረታ መዋጮህ ይረዳሃል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ከወጣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከሠራተኛውም ከአሠሪውም መዋጮ ይሰበሰባል፤ አንተ በሠራህበት ዘመን ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ ያ መዝገብ ከደመወዝህ የባንክ መግለጫ ጋር ሲታይ ደብዳቤህን ያጸናዋል። አሠሪህ ሳያስገባልህ ቀርቶ ከሆነ አሁኑኑ እወቀው።

ለመሐንዲስ ዋናው ፈተና የሙያ ምዘናው ነው። መዛኙ ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ነው። ኢትዮጵያ አገሮች የምሕንድስና ዲግሪን እርስ በርስ የሚቀበሉበት የዋሽንግተን ስምምነት ፈራሚ ስላልሆነች ዲግሪህ በራሱ አያሳልፍህም፤ የብቃት ማሳያ ሪፖርት ትጽፋለህ። ሪፖርቱ ሦስት የሥራ ታሪኮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1000 እስከ 2500 ቃላት። ብዙ ጎበዝ መሐንዲሶቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ምግባራችን ነው። «እኔ» ማለት ያሳፍረናል። የላክህልኝን ረቂቅ ቆጠርኩት፤ በመጀመሪያው ገጽ «እኛ» አሥራ አንድ ጊዜ፣ «ተሠራ»፣ «ተወሰነ»፣ «ተስተካከለ» የሚሉት ደግሞ ከዚያ በላይ አሉ፤ «እኔ» የሚለው አንድም ቦታ የለም። ማን ወሰነ? የውኃ መውረጃ ቱቦውን ስፋት ማን አሰላ? አማካሪ ድርጅቱ ሥራውን አልቀበልም ሲል መፍትሔውን ያመጣው ማን ነው? አንተ ከሆንክ «አሰላሁ» በል። መመጻደቅ አይደለም፤ የሚመዘነው አንተ እንጂ ድርጅቱ አይደለም።

ሪፖርቱን ግን ከማንም እንዳትገዛ። አንድ የማውቀው ልጅ በገንዘብ አስጽፎ ላከ፤ ጽሑፉ ከሌላ ሰው ሪፖርት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘና ለተወሰነ ጊዜ እንዳያመለክት ታገደ። የራሱን ድልድይ በራሱ ቃል ቢጽፈው ኖሮ ሰዋስዉ ቢንገዳገድም ያልፍ ነበር።

ምዘናውና እንግሊዝኛው ሲያልቁ የፍላጎት መግለጫህን ስኪልሴሌክት በሚባለው ሥርዓት ታስገባለህ፤ ለሁለት ዓመት ይቆያል። ከዚያ የክፍለ ግዛቱን የራሱን ቅጽ ትሞላለህ። ቢደግፉህ ግብዣው ይመጣና ቪዛውን ለማመልከት 60 ቀን ይኖርሃል። የበጀት ዓመታቸው በጁላይ 1 ይጀምራል፤ ኮታው ሲያልቅ በሩ ሊዘጋ፣ የሙያ ዝርዝሩም ሊለወጥ ይችላልና ከወሬ ይልቅ የክፍለ ግዛቱን የራሱን ገጽ በየሳምንቱ ተመልከት። አንዳንዶቹ ቅድሚያ የሚሰጡት እዚያው ለሚኖሩና ለሚሠሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚያመለክት ሰው ይህን አስቀድሞ ማንበብ አለበት።

ለምን ደቡብ አውስትራሊያ? ብዬ ስጠይቅህ «አገሩ ሰላም ነው» አልከኝ። ይህ መልስ ለታዝማኒያም ለካንቤራም ይሆናል፤ ለማንም የተጻፈ አይደለም። በአንተ ሙያ ምን ምን ሥራ እንደሚያስተዋውቁ፣ ምን ምን ሰርተፊኬት እንደሚጠይቁ፣ የአዴላይድ የቤት ኪራይ ከወር ገቢህ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ጻፍ። አሥር ማስታወቂያ ሰብስበህ አንብብና ከአንተ ልምድ ጋር አስተያይ። ያኔ ምክንያትህ የአንተ ይሆናል።

የ491ን ግዴታም ሳትሸፋፍን ለባለቤትህ ንገራት። ቪዛው አምስት ዓመት የሚያገለግል ነው፤ ሲድኒ፣ ሜልቦርንና ብሪዝበን ግን ክልክል ናቸው። ሐበሻ ምግብ ቤት የሞላባት ፉትስክሬይ ሜልቦርን ውስጥ ስለሆነች ለጥየቃ እንጂ ለኑሮ አትሆናችሁም። ሦስት ዓመት በተፈቀደው አካባቢ ኖረህ፣ የሦስቱንም ዓመት የግብር ማስረጃ ይዘህ ነው ቋሚውን የ191 ቪዛ የምትጠይቀው። ባለቤትህ ዘመዶቿ ያሉበት ሜልቦርን ነው ብለህ ጽፈሃል፤ ይህን ጉዳይ ዛሬ ተነጋገሩበት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይደለም።

ሥራህን አትልቀቅ። የቪዛው ክፍያ ለዋናው አመልካች ብቻ ከ4500 የአውስትራሊያ ዶላር ይበልጣል፤ ምዘናው፣ ፈተናው፣ ሕክምናው ለብቻ ነው፤ ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በዚህ ላይ ሒደቱ ረጅም ነው። ወደ መጀመሪያው ተቋራጭ ግን በዚህ ሳምንት ሂድ። የአንተን ሥራ የሚያውቀው የፕሮጀክት ኃላፊ ሊለቅ ነው ብለህ ነበር፤ ፊርማው ያለው እርሱ ዘንድ ነው።