መልስ፦ ጀርመን ኒውክሌር ዘግታ ወደ ከሰል ተመለሰች?
ወንድሜ፣ «ጀርመን ኒውክሌሩን ዘግታ ወደ ድንጋይ ከሰል ከተመለሰች ታዳሽ ኃይል ምን ይፈይዳል?» ላልከው፣ ግማሹ ልክ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት የኒውክሌር ማብለያዎች (ኤሌክትሪክ የምታመነጭባቸውን) የዘጋችው ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ግን በዚያው ዓመት ከከሰል የመነጨው ኤሌክትሪክ ጭራሽ ቀነሰ። ከፍጆታዋ ከግማሽ በላይ የሸፈኑት ነፋስ፣ ፀሐይና መሰሎቻቸው ናቸው። ከጎረቤትም ገዝታለች፤ ይሄ አይካድም።

ጭንቁ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ሰማዩ ይደፈናል፣ ነፋሱ ቀጥ ይላል፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ምድጃውን ይለኩሳል። ያኔ የጋዝና የከሰል ማመንጫዎች ሥራ ይጀምራሉ። ባትሪ ለሰዓታት ያግዛል፤ ሳምንት ግን አይዘልቅም።

እኔ ብሆን ከሰሉን አስቀድሜ፣ ኒውክሌሩን በኋላ እዘጋ ነበር። ጭሱ ዛሬውኑ ሳንባ ውስጥ ይገባላ! ኒውክሌርም ቢሆን ሁሌ አይታመንም፤ በ2022 የፈረንሳይ ማብለያዎች ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዶቹ በቧንቧ ዝገት፣ ቆመው ፈረንሳይ ከጀርመን ኤሌክትሪክ ስትገዛ ነበር።